ሰባራ ድልድይ፦ ከመልሱ የሚታቀድ የአንድ ቀን ጉዞ

አዲስ አበባ አካባቢ በእንጦጦ ወይም በመናገሻ ሱባ ደን ሃይኪንግ የለመደ ሰው ጧት በትኩስ ጉልበቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሲደክመው ቁልቁለቱ ራሱ ይዞት ይመለሳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ለሚመጣ ግን ዓባይ ሌላ ሕግ አለው። ከሞጣ በስተ ሰሜን ወደ ሰባራ ድልድይ የሚደረገው ጉዞ የተገላቢጦሽ ነው። መውረዱ በጧቱ ብርድ ነው፤ መውጣቱ የሚመጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ ኮዳው ሲጎድልና ጉልበት ሲዝል ነው። ስለዚህ ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ሒሳቡን የሚጀምረው ከመነሻው ሳይሆን ከመልሱ ነው።

ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከመርጡለ ማርያም የሚነሣ መጀመሪያ ወደ ጉንደ ወይን ወጥቶ ዋናውን መንገድ ይይዛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን፣ ድልድዩ ያለበት የዓባይ ሸለቆ ከዚያ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የአየር ሙቀት በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ፣ ጧት ጋቢ የለበሰ ሰው ረፋዱ ላይ ሸሚዙ ከጀርባው ይጣበቃል። ወይና ደጋውንና ቆላውን በግማሽ ቀን በእግር ማየት የሚቻልባቸው ቦታዎች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ታችኛው ጫፋቸው ላይ የአራት መቶ ዓመት ታሪክ የሚጠብቅባቸው ግን ጥቂት ናቸው።

በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ጢስ ዓባይ አካባቢ አላታ ላይ ተሠራ። ሰባራ ድልድይ ደግሞ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ያሠሩት ሁለተኛው ነው፤ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። የውጭ ጸሐፊዎች «የፖርቹጋል ድልድይ» ይሉታል። እኔ ይህን ስም እጠራጠረዋለሁ፤ ዐፄ ፋሲለደስ በነገሡ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፖርቹጋሎች ጋር የተያያዙትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያንን፣ ከአገር አባርረዋልና። ድልድዩ ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ፣ የኖራውና የቅስቱ ጥበብ ያኔ የአገሬው ግንበኛ እጅ ገብቶ ነበር ማለት ነው። የጎንደር ግንቦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ወርዶ ላየው ሰው ግልጽ ነው፤ ሰፊው ወንዝ እዚያ ላይ በአለት መካከል ይጠብባል።

መካከለኛው ቅስት የተሰበረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች አፈረሱት ይባላል። ጣሊያን ወጣ፤ ክፍተቱ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ገበያም ሰርግም ለቅሶም ማዶ ነውና ሰው መሻገሩን አልተወም። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ወንዶች ቆመው ገመድ ይዘረጉ ነበር፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ፣ ከሥሩ ዓባይ እየደነፋ፣ ከወዲህ ወደዚያ ይጎተት ነበር። ነፍሰ ጡርም በሽተኛም እንዲሁ ነበር የሚሻገረው።

በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ይህን የገመድ መሻገሪያ የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አየ። በዓመቱ እሱና አጋሮቹ ብረትና ሲሚንቶ በአህያ ጭነው ገደሉን በማውረድ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው ክፍተቱን ደፈኑት። ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው። ዓባይ ግን ጥገናውን አላከበረውም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የክረምቱ ሙላት ጠርጎ ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ከወንዙ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ወደዚያ የሚወርድ ተጓዥ ሁለቱንም ያያል፤ እግሩን የሚጥለው ግን በአዲሱ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ተጨማሪ። መኪና ካወረዳችሁ ቦታ እስከ ወንዙ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት ለርቀቱ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ለአቀበቱ ይሆናል። ይህ ለለመደ እግርና ለቀዝቃዛ አገር ነው፤ ሙቀቱንና ዕረፍቱን ጨምራችሁ አምስት ሰዓት ያዙ። እንግዲህ ፀሐይ አመሻሽ 12 ሰዓት ግድም ስለምትጠልቅ፣ ጨለማ ገደል ላይ ላለመያዝ ከወንዙ መነሣት ያለባችሁ ቢዘገይ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ነገር ግን 7 ሰዓት የሙቀቱ አናት ነው። ጥላ ሥር ተኝቶ 9 ሰዓትን መጠበቅ ደስ ይላል፤ የሚከፈለው ግን ማታ በባትሪ ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ 3 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ደርሶ፣ ከ4 ተኩል በፊት ፊትን ወደ አቀበቱ ማዞር ነው። 5 ሰዓት ሆኖ ድልድዩ ገና ካልታየ፣ ካላችሁበት ተመለሱ።

መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ገበሬ «አባባ፣ ስንት ሰዓት ይቀረናል?» ብትሉት «ቅርብ ነው፣ ደርሳችኋል» ይላችኋል። አይዋሽም። ጭነት የያዘች አህያ እየነዳ በየገበያው ለሚመላለስበት እግር ቅርብ ነው። «ምሳ ሰዓት ሳይሆን እንደርሳለን?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ወራቱን በተመለከተ ክርክር የለኝም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጅረቶቹ በድንገት ይሞላሉ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሸለቆው ይቃጠላል። ጥቅምት ላይ ጤፉ ገና እርሻው ላይ ነው፣ ሰንበሌጡም ከወገብ በላይ ይቆማል። ከላይ ደኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቧል፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ብሳና የሚገኙት እዚያ ነው፣ የተቀረው ባሕር ዛፍ ነው። በታች በኩል ግራርና አባሎ ይጀምራሉ፤ ጥላቸው ሳሳ ያለ ስለሆነ አትመኩበት። ወፍራም ጥላ ያለው ሾላ ካገኛችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ቦታውን ልብ በሉት፤ ስትመለሱ የምታርፉበት እሱ ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው ከ4 ሊትር አያንስም። የዓባይ ውሃ ጭቃ ስለሚበዛበት እንዳለ አይጠጣም፤ በጨርቅ ሳይጠለል ውሃ አጋር ቢጨመርበትም መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም። ስንቅ ከተባለ በሶን የሚበልጥ የለም፤ ጨው ጣል ተደርጎበት ቢበጠበጥ በላብ የወጣውን ይመልሳል። ቆሎ ያፍናል፣ ውሃ ያስጠማል። ሽመል ያዙ፤ ለውሻም ለጉልበትም ይረዳል። ወንዙ ውስጥ አትዋኙ፣ አዞ አለበት። ወባውም እንዲሁ አለ፤ ትንኟ የምትነክሰው ማታ ስለሆነ ግን ቀን ወርዶ ቀን የሚወጣ ሰው ስጋቱ ያንስለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልልን የያዘው ግጭት ምሥራቅ ጎጃምን አጥብቆ ነክቷል። ወሬ ሳይጠይቅ ወደ ገደል የሚወርድ እንግዳ ራሱንም የሚያስተናግደውንም ሰው ችግር ላይ ይጥላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሞጣ ሰው ጠይቁ፣ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ፣ የአገሩን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ተስማሙ። «አሁን አይሆንም» ከተባላችሁ፣ አይሆንም። የገበያ ቀን ከገጠማችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ መንገዱ በሰውና በአህያ ስለሚሞላ የሚያደናግር መታጠፊያ አይኖርም።

ረጅም ቁልቁለት የታፋ ጡንቻን የሚያሳምመው በዕለቱ ሳይሆን በማግሥቱና በሠለስቱ ነው። በማግሥቱ ጧት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሙሉ ቀን መቀመጥ ሕመሙን ያባብሰዋል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሯትን የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋዮች ለማየት ያሰባችሁም፣ ያንን ከጉዞው በፊት ባለው ቀን አድርጉት፤ በማግሥቱ ሞጣ ላይ ከሰፈር ሰፈር በዝግታ ከመራመድ ሌላ ሥራ አትያዙ።