ያውቁ ኖሯል? ከጣሳ የተነሱት የጃፓን ሮቦቶች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጥሬ ዕቃ ያጡ የጃፓን አሻንጉሊት ሠሪዎች፣ የአሜሪካ ወታደሮች የጣሏቸውን ባዶ ጣሳዎች ሰብስበው እያጠቡና እየዳመጡ አሻንጉሊት ይሠሩባቸው ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙባቸው ሮቦቶች የበቀሉት ከዚህ ሙያ ነው።

የአሻንጉሊቱ ሥዕል የሚታተመው ቆርቆሮው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ነው። ከዚያ ይቆረጣል፣ ቅርጽ ይይዛል፤ ትናንሽ የቆርቆሮ ምላሶች በስንጥቅ ገብተው እየታጠፉ አካሉን ያያይዙታል። መጀመሪያ በቁልፍ እየተጠመዘዘ ይሄድ የነበረው ሮቦት፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባትሪ ድንጋይ ሲገባለት ዓይኑ በራ፣ ድምፅም አወጣ።

ሰብሳቢዎች ከሁሉም በላይ የሚመኙት የማሱዳያ ኩባንያ ሥራ የሆኑትን፣ «ጋንግ ኦፍ ፋይቭ» የሚባሉትን አምስቱን ነው። ቁመታቸው 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እግራቸው እንደ ቀሚስ በሰፊ ቆርቆሮ ተሸፍኗል። ከአምስቱ «ራዲኮን» በሬዲዮ ሞገድ ይታዘዛል። «ታርጌት» ደግሞ ደረቱ ላይ ኢላማ አለው፤ አብሮት በሚሸጠው የመጫወቻ ጠመንጃ ሲመታ ፊቱን አዙሮ ይሸሻል። እንዴት ያለ ድንቅ ፈጠራ ነው! እጅግ ብርቅ የሆነው «ማሽን ማን» በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ተሽጧል።

ሮቦቱ የተሸጠበት የካርቶን ሣጥን አብሮ ከተገኘ ዋጋው ይንራል። በዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተው የቆርቆሮ አሻንጉሊት ሙዚየምም ለእነዚህ ሥራዎች ቤት ሆኗል።

ሮቦቱ ውስጥ የተረሳ ባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ቆርቆሮውን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ሮቦት ቤትዎ ካለ፣ ባትሪውን ዛሬውኑ ያውጡለት።