ሳይወድ በግድ ጀግና፦ ከ«አልወለድም» እስከ ዘጠነኛው ዞን

እንግሊዝኛ የልቦለዱን ዋና ባለታሪክና የጦር ሜዳውን ሰው በአንድ ቃል ይጠራል፤ አማርኛ ግን «ዋና ገፀ ባሕርይ» እና «ጀግና» ብሎ ይለያቸዋል። ስለዚህ ጀግንነትን ያልፈለገ ተራ ሰው የምናባዊ (ፋንታሲ) ሥራ ማዕከል ሲሆን ምን እንደሚከተል በእኛ ቋንቋ መመርመር ይቀላል ባይ ነኝ።

በዘርፉ በይበልጥ የሚጠቀሰው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» (እ.ኤ.አ. 1954–55) ነው። ፍሮዶ ቤቱንና ሰላሙን የሚወድ ትንሽ ፍጡር ነው። ሸክሙን ሳይወድ ተቀብሎ፣ ከቀዬው ወጥቶ ድንበር ይሻገራል። አስፈሪው ዓለም ሩቅ ነው፤ የሚሄደው ባለታሪኩ ነው።

የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» (1955 ዓ.ም.) ይህን ይገለብጠዋል። ባለታሪኩ በእናቱ ማሕፀን ሆኖ የሚናገር፣ ወደዚህ ዓለም አልመጣም የሚል ጽንስ ነው። ለእኔ ድንቁ የጽንሱ መናገር አይደለም፤ እኛ ተራ የምንለው ኑሮ ከማሕፀን ሲታይ አስፈሪ ምድር ሆኖ መገኘቱ ነው። ፍሮዶ የሚያመነታው የሚሳሳለት ቤት ስላለው ነው። ጽንሱ እምቢ የሚለው ግን ቤት ሊሆነው የሚገባውን ምድር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌዬ ልቦለድ አይደለም፤ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ቀልድ ነው። ግቢው በስምንት ዞኖች ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ እስረኞች ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር «ዞን ዘጠኝ» ይሉት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ወጣት ጦማርያን ስያሜውን ለቡድናቸው ወሰዱት። በሁለት ቃል የተፈጠረ ምናባዊ ዓለም ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። እዚህ ባለታሪኩ አይጓዝም፤ ድንበሩ ራሱ ተንቀሳቅሶ ይመጣበታል። ታክሲ የሚጠብቀውም፣ ቡና የምትቆላውም ሳያውቁት የዞኑ ነዋሪ ይሆናሉ። የጠየቃቸው ስለሌለ እምቢ የሚሉበትም ዕድል የለም።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከጦማርያኑ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ ኋላም ሴቶቹ ወደ ቃሊቲ፣ ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ ተወሰዱ። ብዙዎች ወዲያው «ጀግኖች» አሏቸው። አክብሮቱ ይገባኛል፤ እንደ ሃያሲ ግን ቃሉ ያሳስበኛል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ይጽፉ የነበሩትን ሰዎች ከእኛ አርቆ ይሰቅላቸዋል፤ ቀልዱ ግን እነሱንም እኛንም በአንድ አጥር ያስገባ ነበር። ለአምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ሲፈቱ፣ በእስረኞቹ አቆጣጠር፣ የተዛወሩት ወደ ዞን ዘጠኝ ነው።