ከፍ ያለ ጭነት፣ ዝቅ ያለ ድልድይ

ሜይ 23 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. አመሻሽ ላይ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኢንተርስቴት 5 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚጓዝ አንድ ከባድ መኪና ስካጊት ወንዝ ላይ ከተዘረጋው ድልድይ ገባ። የተነሳው ከካናዳ አልበርታ ነው፤ የጫነው የቁፋሮ መሣሪያ አካል የሆነ ግዙፍ ዕቃ ነበር። ከፊቱ አጃቢ መኪና ነበረው፤ ከግዛቱ የተሰጠ ፈቃድም ይዟል። ያም ሆኖ የጭነቱ የላይኛው ቀኝ ጠርዝ ከድልድዩ አናት ላይ የተጋደሙትን ብረቶች እየመታ አለፈ። መኪናው ተሻገረ፤ ከኋላው ግን የድልድዩ አንድ ሙሉ ክፍል ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ሁለት መኪኖችም በውስጣቸው ከነበሩት ሦስት ሰዎች ጋር ውኃ ውስጥ ገቡ። በቀን ሰባ ሺህ ያህል ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ድልድይ ነበርና ሦስቱም በሕይወት መትረፋቸው፣ ሌላ ሰውም አለመጎዳቱ በጣም የሚያስገርም ነው።

ይህን አደጋ ያነሳሁት አሜሪካ ውስጥ መሪ ጨብጠው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ፣ ከዝግ ተሳቢ ወደ ከፍተኛ ጭነት ለመሸጋገር የሚያስቡም ስላሉ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አደጋውን መርምሮ ያወጣው ዘገባ አንድ አሽከርካሪ ስለ ድልድይ ከፍታ ማወቅ ያለበትን አብዛኛውን ነገር ይዟል። ፈቃዱ ላይ የሰፈረው የጭነቱ ቁመት 15 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ማለትም 4.80 ሜትር ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ሲለካ 15 ጫማ ከ11 ኢንች ሆኖ ተገኘ። ድልድዩ በ1955 የተሠራ ሲሆን፣ መንገዱ በብረት ማዕቀፍ ውስጥ የሚያልፍበት ዓይነት ነው። የላይኞቹ ብረቶች ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ በቅስት መልክ የጎበጡ ነበሩ። በዚህ ምክንያት መሀል መንገዱ ላይ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ወደ ዳር ሲወጣ እየጠበበ ይሄዳል። መኪናው በቀኙ መስመር ነበር። ወደ መሀል በሚጠጋው በግራው መስመር ቢጓዝ ኖሮ ያለ ጉዳት ባለፈ ነበር።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጭነቱ አንድ ቁመት፣ ድልድዩም አንድ ከፍታ ያለው ይመስለዋል፤ ሁለቱን አወዳድሮ ማለፍ ብቻ ይቀራል ብሎ ያስባል። ሁለቱም ግን ይለዋወጣሉ። የጭነቱ ቁመት ጠዋትና ማታ፣ ባዶና ሙሉ ሲሆን ይለያያል፤ የድልድዩ ክፍተት ደግሞ በየመስመሩ፣ በየወቅቱና መንገዱ በታደሰ ቁጥር ይለያያል። አደጋው የሚፈጠረውም አንደኛው ሲቀየር ልብ ሳይባል ሲቀር ነው።

መጀመሪያ ሕጉን በአጭሩ እንይ። አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም ግዛት የሚያገለግል የፌዴራል የቁመት ገደብ የለም። በምሥራቁ በኩል ገደቡ በአብዛኛው 13 ጫማ ከ6 ኢንች (4.11 ሜትር) ነው፤ በምዕራቡ ደግሞ ብዙ ግዛቶች 14 ጫማ (4.27 ሜትር) ይፈቅዳሉ። ኢንተርስቴት መንገዶች ከከተማ ውጭ ሲሠሩ ከላይ 16 ጫማ (4.88 ሜትር) ክፍት እንዲሆን መስፈርቱ ያዛል፤ ከተማ ውስጥ ግን 14 ጫማ የሆኑ ቦታዎች ያጋጥማሉ። በአውሮፓ አብዛኞቹ አገሮች ገደቡ 4 ሜትር ነው። ብሪታንያ ውስጥ በሕግ የተቀመጠ የቁመት ጣሪያ ባይኖርም፣ ከ3 ሜትር በላይ ቁመት ያለው መኪና ቁመቱን አሽከርካሪው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ጋቢና ውስጥ መለጠፍ አለበት። ይህ ደንብ የትም አገር ቢሆን ቢሠራበት ደስ ይለኛል፤ የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ መደበኛ ዝግ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ኢንተርስቴት ላይ እስካለ ድረስ ድልድይ እምብዛም አያሳስበውም። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ መንገድ ሲወጣ ነው። ኒው ዮርክና ኮኔቲከት ውስጥ ‹ፓርክዌይ› የሚባሉት መንገዶች የተሠሩት ለቤት መኪና ነው፤ ድልድዮቻቸው ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ብዙዎቹም በቅስት የተሠሩ ስለሆኑ ዳር ዳሩ ይበልጥ ይወርዳል። የጭነት መኪና እንዳይገባባቸው የተከለከለውም ለዚህ ነው። ቦስተን ውስጥ ስቶሮ ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ተማሪዎች ቤት በሚቀይሩበት በሴፕቴምበር 1 አካባቢ፣ የኪራይ ዕቃ ማጓጓዣ መኪና ድልድይ ሥር ተሰንቅሮ መታየቱ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነገር ሆኗል። በሰሜን ካሮላይና ደርሃም ከተማ ያለው የባቡር ድልድይ ደግሞ 11 ጫማ ከ8 ኢንች (3.56 ሜትር) ነበር። በ2016 የመኪናውን ቁመት እየለካ ‹ከፍታህ አልፏል፣ ታጠፍ› የሚል የመብራት ምልክት ተተከለ፤ በ2019 ድልድዩ ራሱ በ8 ኢንች ከፍ ተደረገ፤ ከዚያም በኋላ መመታቱ አልቀረም።

እንዲህ ያለ ነገር ከሚደጋገምባቸው ምክንያቶች አንዱ ስልክ ላይ ያለው ተራ ካርታ ነው። ካርታው መንገድ የሚመርጠው ለቤት መኪና ነው፤ የላይኛውን ክፍተት አያይም። ለከባድ መኪና ተብሎ የተሠራ ጂፒኤስ የመኪናውን ቁመት አስገብተውለት ከዚያ ተነስቶ መንገድ ይመርጣል። ያስገቡት ቁጥር ስሕተት ከሆነ ግን መንገዱም ስሕተት ነው። ቤት ለመቀየር የዕቃ መኪና የሚከራይ፣ የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) የሌለው ሰውም ቢሆን መኪናው ውስጥ የተለጠፈውን ቁመት አንብቦ መነሳት አለበት።

አሁን ወደ ልኬቱ። ጭነት የሚለካው ተጭኖና ታስሮ ካለቀ በኋላ፣ መኪናው ደልደል ያለ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ‹ዕቃው ይህን ያህል ነው፣ ተሳቢው ይህን ያህል ነው› ብሎ ወረቀት ላይ መደመር አይበቃም። ፍላት ቤድ የሚባለው ተሳቢ ወለሉ ከመሬት 5 ጫማ ገደማ ይርቃል፤ ከኋላ ዝቅ የሚለው ስቴፕ ዴክ 3 ጫማ ተኩል ገደማ ነው፤ ሎቤድ ከዚያም ያንሳል። በሰነዱ 10 ጫማ የተባለ ማሽን ስቴፕ ዴክ ላይ ሲወጣ በስሌት 13 ጫማ ተኩል ይሆናል። ከሥሩ የገባው እንጨት፣ ከላይ የተዘረጋው ሸራ፣ ሳይነቀል የቀረ የጭስ ማውጫ ወይም አንቴና ግን ስሌቱ ውስጥ የሉም። የሚለካው ቦታ ከሁሉም የሚበልጠው ጫፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሬት ቆሞ አይታይም። ለዚህ የተሠራ ባለ ክንድ መለኪያ ዘንግ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ቅጣት ያንሳል።

በሜትር ለተማርን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። አንድ ጫማ 12 ኢንች እንጂ 10 አይደለም። ስለዚህ 13.6 ጫማና 13 ጫማ ከ6 ኢንች አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው 13 ጫማ ከ7 ኢንች ይበልጣል። ልዩነቱ ከአንድ ኢንች ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የድልድይ ብረት ግን በአንድ ኢንችም ይመታል። ጭነት የሚመድበው ሰው (ዲስፓቸር) በስልክ ‹አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት› ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አስረግጦ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሲዲኤል መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ፣ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ አንድ ቁም ነገር ልጨምር፦ ባዶ ተሳቢ ከተጫነው ይረዝማል። ጭነት ባሌስትራውንና ጎማውን ይጫናል፤ ሲራገፍ ጣሪያው ከፍ ይላል። ሲሄዱ በሰላም ያለፉበት ድልድይ ዕቃውን አራግፈው ሲመለሱ ጣሪያ ሊገፍ ይችላል። በመንገድ ላይ ሰንሰለትና ቀበቶ ሲላላም ጭነት ይንቀሳቀሳል። በአሜሪካ ሕግ አሽከርካሪው በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ፣ ከዚያም በየ150 ማይሉ ወይም በየሦስት ሰዓቱ የጭነቱን አያያዝ መፈተሽ አለበት፤ ቁመቱንም ያን ጊዜ አብሮ ማየት ብዙ አያደክምም።

ድልድዩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በተመለከተ መማሪያው ትክክል ነው ብላችሁ አትገምቱ ይላል። አስፋልቱ በአዲስ ንጣፍ ሲለብስ መሬቱ ወደ ድልድዩ ይቀርባል፤ የተለጠፈው ቁጥር ግን እንደነበረ ሊቀር ይችላል። በክረምት ተረግጦ የጠጠረ በረዶም እንደዚሁ ከክፍተቱ ይቀንሳል።

የመንገዱ ቅርጽም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከድልድይ ሥር የሚያልፍ መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይጎደጉዳል። ረጅም ተሳቢ የፊቱ በአንዱ ተዳፋት፣ የኋላ ጎማው በሌላው ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ በቦይ ላይ እንደተጋደመ ሳንቃ መሀሉ ከመሬት ይርቃል። ያን ጊዜ ጭነቱ ከለካነው በላይ ወደ ድልድዩ ይጠጋል። መንገዱ ወደ ዳር ካዘነበለ ደግሞ የጭነቱ አናት ወደ ዳር ያጋድላልና ወደ ድልድዩ ምሰሶ ወይም ወደ ቅስቱ ዝቅተኛ ጫፍ ይቀርባል። እንዲህ ባለ ቦታ ሁኔታው ሲፈቅድ ፍጥነት ቀንሶ ወደ መሀል መጠጋት ይሻላል።

ከመደበኛው የሚበልጥ ጭነት ሲሆን ፈቃድና አጃቢ ይጨመራል። ፈቃድ ማለት ግን ግዛቱ መንገዱን ለክቶ ‹ታልፋለህ› ብሎ ዋስ ሆነልህ ማለት አይደለም። የስካጊቱ አደጋ ሲደርስ ዋሽንግተን ውስጥ መንገዱን አጣርቶ የማወቅ ኃላፊነት የአጓጓዡ ነበር፤ የደህንነት ቦርዱም የአጓጓዡ ድርጅት የመንገድ ዝግጅት በቂ እንዳልነበረ፣ ግዛቱ ፈቃዱን ሲሰጥ በደንብ እንዳላጣራ፣ ድልድዩ ዝቅ ያለ ቦታ እንዳለው የሚያስጠነቅቅ በቂ ምልክትም እንዳልነበረ ገልጿል። ጥፋቱን በአሽከርካሪው ላይ ብቻ አለመጫኑ ተገቢ ይመስለኛል። ሆኖም ሁሉም ሲያንቀላፋ መሪው ላይ የሚቀረው አሽከርካሪው ስለሆነ፣ መንገዱን ድልድይ በድልድይ ሳያውቅ እንዲነሳ የሚያጣድፈው ሰው ቢኖር እምቢ ማለት መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

የአጃቢው መኪና ሥራ ከፊት ሆኖ፣ ከጭነቱ ጥቂት ኢንች ከፍ ብሎ በተተከለ ተጣጣፊ ዘንግ ክፍተቱን መፈተን ነው። ዘንጉ አንዳች ነገር ከነካ ወዲያው በሬዲዮ ያስታውቃል። ይህ የሚሠራው ግን ከኋላ ያለው መኪና ለማቆም የሚበቃ ርቀት ካለው ነው። በሲዲኤል መማሪያው ስሌት በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ ከባድ መኪና አደጋውን አይቶ እስኪቆም 419 ጫማ፣ ማለትም 128 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በሬዲዮ ተናግሮ እስኪሰማ የሚያልፈው ጊዜ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ስካጊት ላይ የአጃቢዋ አሽከርካሪ ስልክ እያወራች ነበር፤ ከኋላ ያለው መኪናም ለማቆም በማይበቃ ርቀት ይከተላት ነበር። ዘንግም ፈቃድም ይዘው ሄደው ድልድዩ የወደቀው እንዲህ ነው።

ማሽን የሚያመላልስ ሰው ስለ ክንዱ ለብቻው ማሰብ አለበት። ኦገስት 27 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኬንት፣ ኤም 20 በተባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ኤክስካቫተር የጫነ መኪና በመንገዱ ትከሻ ላይ ሲያልፍ የእግረኛ ድልድይ መትቶ ጣለ፤ አንድ ሞተር ብስክሌት ነጂም ተጎዳ። ትከሻው ላይ ያለው ክፍተት ከዋናው መስመር ጋር እኩል ነው ብሎ ማሰብ እንደማይገባ ልብ ይሏል። የኤክስካቫተር ክንድ እስከ መጨረሻው ታጥፎና ወርዶ በሰንሰለት ይታሰራል፤ በሃይድሮሊክ ብቻ ተማምኖ መሄድ አደገኛ ነው። ገልባጭ መኪናም ሳጥኑ ሳይወርድ ወይም ሳጥኑን ለማንሳት ከሞተሩ ኃይል የሚወስደው ክፍል (ፒቲኦ) ሳይለቀቅ ከተነሳ አሽከርካሪው ሳያውቀው እስከ ድልድዩ ሊሄድ ይችላል፤ ከአፈር መድፊያው ሲወጡ በመስታወት ወደ ላይ ማየት ልማድ መሆን አለበት።

አጠራጣሪ ድልድይ ፊት ለፊት ከመጣ፣ የአደጋ መብራት አብርቶ ቀስ ማለት፣ ካልተረጋገጠም ቆሞ ፖሊስ መጥራት ነው። ከኋላ የተደረደረው መኪና ጡሩምባ ቢያሰማም ያሰማ። ያለ እርዳታ ወደ ኋላ መሄድ ሌላ አደጋ ያመጣል። መኪናው ከተሰነቀረም በጉልበት ወደፊት መግፋት አይገባም፤ ድልድዩንም ጭነቱንም ይበልጥ ይጎዳል። የማንሻ መኪና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ጎማ አስተንፍሰው ዝቅ አድርገው ያወጡታል። ከላይ የሚያልፈው ባቡር ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት 911 ላይ፣ ድልድዩ ላይ የድንገተኛ ስልክ ቁጥር ከተለጠፈም በዚያ ቁጥር መደወል ያስፈልጋል። ምቱ ሐዲዱን ከቦታው አንቀሳቅሶት ሊሆን ስለሚችል፣ ተመርምሮ እስኪረጋገጥ ድረስ ባቡሩ እንዲቆም ማድረግ ቀዳሚ ነው።