ዐጽምና ትንሣኤ፤ የተክለ ሃይማኖት በዓላትና የጥንት ክርስቲያኖች ክርክር

በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ለጻድቁ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን ዕረፍታቸው፥ ግንቦት 12 ቀን ደግሞ ፍልሰተ ዐጽማቸው ይከበራል። ገድላቸው እንደሚተርከው፥ ባረፉ በ57 ዓመት ዐጽማቸው ከተቀበረበት ወጥቶ በክብር ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ነፍስ ከተለየችው በኋላ ለዐጽም በዓል የሚደረግበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ ስለ ትንሣኤ ከተደረገው ጥንታዊ ክርክር ጋር የተያያዘ ነው።

የአፍላጦን ተከታዮች ሥጋን የነፍስ ወህኒ አድርገው ሲቈጥሩ፥ ክርስቲያኖች ሰው ማለት ነፍስና ሥጋ በአንድነት ነው አሉ። አሕዛብም «የተቃጠለው ወይም አውሬ የበላው ሥጋ እንዴት ይነሣል?» እያሉ ይሟገቷቸው ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ177 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ አሳዳጆች የሰማዕታትን ሥጋ አቃጥለው ዐመዱን በሮን ወንዝ የበተኑት የትንሣኤን ተስፋ ለማጥፋት እንደ ነበረ አውሳብዮስ ጽፏል።

ሊቃውንቱ የሰጡት መልስ ግን አንድ ዐይነት አልነበረም። የካርታጎው ጠርጡልያኖስ፥ የሠራው ሥጋ ሌላ፥ ዋጋውን የሚቀበለው ሌላ ከሆነ ፍርዱ እንደሚዛባ አስረዳ። አርጌንስ በበኩሉ ሥጋ በሕይወት ሳለም እንደ ወንዝ እንደሚለዋወጥ፥ ሰውን ያው ሰው የሚያሰኘው ግን መልኩ እንደ ሆነ አስተማረ። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ደግሞ፥ የብዙ ሰው ከብት በአንድነት ተሰማርቶ ሲለይ እያንዳንዱ ለባለቤቱ እንደሚገባ፥ ነፍስም የራሷን ሥጋ ለይታ ታውቃለች አለ።

በኢትዮጵያ ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ነው። ሬሳው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ የሚቀበረውም ዳግም ምጽአትን እንዲጠብቅ ነው። ሕዝቡም ለሟች «ነፍሱን ይማር» ብቻ ሳይሆን «ዐጥንቱን ያለምልም» ብሎ ይመርቃል። ፊተኛው ቃል ምሕረትን ለነፍስ ይለምናል፤ ሁለተኛው ግን ዐጥንቱ ዛሬም ባለቤት እንዳለው ይመሰክራል። ተዝካሩም ሆነ መቃብሩ የሚያስቡት አንዱን ሰው ነው።

የጻድቁ ሥዕል ይህን ነገር ያጐላዋል። በጸሎት ብዛት የተሰበረችው እግራቸው ለብቻዋ ተለይታ ትሣላለች። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ 22ኛ ክፍል፥ የሰማዕታት የተቈረጠ አካል በትንሣኤ ሙሉ እንደሚሆን፥ የቍስሉ ምልክት ግን ለክብር ሊቀር እንደሚችል ጽፏል። በዚህ አስተሳሰብ ሥጋ በትንሣኤ ጉድለቱን ሲተው ታሪኩን አይተውም፤ የሚነሣው ሰው በደረሰበት መከራ ጭምር የሚታወቀው ያው ሰው ነው። የግንቦት 12ቱ በዓል የሚያከብረውም ይህን ተስፋ ነው።