በክረምት ወራት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ነጋዴዎች፤ የአውሮፕላን ቲኬት በመጠነኛ ዋጋ ስለ መግዛት

በርበሬን በበዓል ዋዜማ የሚገዛ ሰው ውድ ዋጋ ቢጠየቅ ማንም አይደነቅም፤ ወቅቱን ጠብቆ ያልገዛ ራሱን እንጂ ሻጩን ሊወቅስ አይገባውምና። የአውሮፕላን ቲኬትም እንደ ማናቸውም የንግድ ዕቃ ወቅት አለው። ይሁን እንጂ ለሸቀጥ ዋጋ እስከ ሳንቲም ድረስ የሚከራከር ነጋዴ፣ ለራሱ መሳፈሪያ ሲሆን የተጠየቀውን ሁሉ ከፍሎ ሲሄድ እናያለን። የመሳፈሪያውም ገንዘብ ከንግዱ ወጪ አንዱ ክፍል ስለ ሆነ፣ መጨረሻው በሸቀጡ ዋጋ ላይ ማረፉ የማይቀር ነው። ስለዚህ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል የተማርሁትን ለአንባቢዎች በአጭሩ ለማቅረብ እወዳለሁ።

በእኛ ዘንድ ዝናብ በሚበረታባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በጋ ነው። ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ሠራተኞች ዕረፍት ይወጣሉ፤ በነዚያ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ይመጣሉ። በዚህ ምክንያት መቀመጫ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ይወደዳል። እንግዲህ ጉዳዩ የማያስቸኩለው ነጋዴ ጉዞውን በግንቦት ቢፈጽመው፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ቢያደርገው፣ ገና ከጅምሩ ብዙ ወጪ ሊያድን ይችላል። በክረምቱ መካከል መሄድ ግድ የሚሆንበት ግን ዋጋው እንዴት እንደሚወሰን ማወቅ ይገባዋል።

በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ዐይነት ማዕረግ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች የከፈሉት ዋጋ እጅግ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ይህም የሚሆነው አየር መንገዶች መቀመጫዎቻቸውን በልዩ ልዩ የዋጋ ደረጃ ከፍለው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በላቲን ፊደል እየለዩ ስለሚሸጡ ነው። በርካሹ ደረጃ የተመደቡት መቀመጫዎች ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱ ተሽጠው ሲያልቁ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ይከፈታል። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ በርካሽ፣ የዘገየ በውድ ይገዛል። በማክሰኞ ቀን የተገዛ ቲኬት ሁልጊዜ ይረክሳል የሚባለው ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ከሚገዛበት ቀን ይልቅ የሚበረርበት ቀን ይበልጣል።

ብዙዎች አየር መንገዶች ሽያጭ የሚጀምሩት ከበረራው 11 ወር ያህል አስቀድመው ነው። ለሐምሌና ለነሐሴ ጉዞ ከጥር ጀምሮ ዋጋ እየጠየቁ መመዝገብ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ የተሻለው ዋጋ ሲገኝ መግዛት መልካም ልማድ ነው። የዋጋውን መውጣትና መውረድ በኢንተርኔት እየተከታተሉ የሚያስታውቁ እንደ ጉግል ፍላይትስና ስካይስካነር ያሉ አገልግሎቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነም፣ በዶላር የተተመነ ዋጋ ሳይለወጥ በብር የሚከፈለው ሊጨምር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

ቪዛ የሚያስፈልገው መንገደኛ ግን ቪዛውን ሳይዝ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት እንዳይገዛ ይጠንቀቅ። ለምሳሌ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ቪዛውን በጊዜ መጠየቅ ቲኬቱንም በጊዜ ለመግዛት ይረዳል።

በሚገዛበትም ጊዜ ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች መመልከት ይጠቅማል።

1ኛ፤ የጉዞውን ቀን ሁለት ሦስት ቀን ወዲህና ወዲያ እያደረጉ ዋጋ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ በሳምንቱ መካከል የሚደረገው በረራ ከዓርብና ከእሑድ ይረክሳል። ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰውም ቅርብ የሆነችውን የሻርጃን ዋጋ ቢጠይቅ አይጎዳም።

2ኛ፤ የሚነጻጸረው ጠቅላላው ወጪ ነው። ለምሳሌ አንዱ ቲኬት 620 ዶላር ሆኖ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ቢፈቅድ፣ ሌላው 540 ዶላር ሆኖ አንድ ሻንጣ ብቻ ቢፈቅድና ለሁለተኛው 100 ዶላር ቢያስከፍል፣ ናሙና ይዞ ለሚመለስ ነጋዴ ርካሹ የመጀመሪያው ነው። ቀን ለመለወጥ የሚከፈለውና በመንገድ ለማደር የሚወጣውም በሒሳቡ ይግባ።

3ኛ፤ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ በሁለት የተለያየ ቲኬት መግዛት አንዳንድ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን የፊተኛው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ ኪሳራው በአብዛኛው የመንገደኛው ነው።

4ኛ፤ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈው በፊደል ሳይቀር ይመዝገብ። የፓስፖርቱም ዘመን ይታይ፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉና።

5ኛ፤ ከጉዞ ወኪል የሚገዛ ሰው የማስያዣውን ቁጥር ብቻ ተቀብሎ አይሂድ። መቀመጫ መያዝና ቲኬት መቆረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተቆረጠ ቲኬት 13 አኀዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኀዞች አየር መንገዱን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው።

6ኛ፤ ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ፣ ከጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ቲኬት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ይችላል፤ ወይም አየር መንገዱ ያለ ክፍያ ዋጋውን ለ24 ሰዓት ይይዛል። የአገሩ ሕግ ከሁለቱ አንዱን ያዛልና፣ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ሰዓት ነው፤ እኔም የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ ጨርቃ ጨርቅ ለመግዛት ወደ ኢስታንቡል እንዲሄዱ ቲኬቱን በመጋቢት ወር በጥሩ ዋጋ ገዛሁላቸው። በቲኬቱ ላይ የመነሻው ቀን ጁላይ 10፣ ሰዓቱም 01:15 ይላል። እኔም በእኛ አቆጣጠር መስሎኝ «ሐምሌ 3 ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ነው» አልኋቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ፣ አውሮፕላኑ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ሄዷል። መሄጃውን ያልተሳፈረ ሰው በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ መመለሻውም ስለሚሰረዝበት፣ ሁለቱም ጉዞ እንደ አዲስ በወቅቱ ውድ ዋጋ ተገዛ፤ ወራት አስቀድሜ በመግዛት ያተረፍሁት ሁሉ በአንድ ሌሊት ጠፋ። አሠሪዬ ግን «ለወደፊቱ ሁለቱንም ሰዓት ጻፍ» ከማለት በቀር ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ቲኬት ቅጂ ላይ የሁለቱን አቆጣጠር ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሣ በረራ ደግሞ «በዋዜማው ማታ ከቤት ይወጣል» የሚል ቃል እጨምርበታለሁ። በጊዜ መግዛት ወጪን ያድናል፤ የተገዛውን በጥንቃቄ መመርመር ግን የዳነውን ገንዘብ ይጠብቃል።