«ሲስተም የለም» ሲባል መድኃኒትዎን ማን ያስታውሳል?

ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» መባልን ለምደነዋል። ቢያናድደንም ነገ ተመልሰን እንሄዳለን። ይኸው ቃል ከጤና ተቋም ካርድ ክፍል ሲሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማን፣ የምንወስደው የደም ማቅጠኛ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ያለፈው የኩላሊት ምርመራ ምን እንዳሳየ የተጻፈው እዚያው ሲስተም ውስጥ ነውና።

ዛሬ የሕሙማንን መረጃ የሚይዘው ሶፍትዌር ሁልጊዜ በሆስፒታሉ ግቢ አይገኝም። ሶፍትዌሩም መረጃውም ርቆ በሚገኝ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሐኪሙ በኢንተርኔት የሚጠቀምበት አሠራር ተስፋፍቷል። ጥቅሙ አይካድም፤ ካርድ አይጠፋም፣ የሐኪም ጽሑፍም ፋርማሲስቱን አያደናግርም። ሆኖም አንድ አቅራቢ ሲሰናከል በእሱ ላይ የተደገፉት ሁሉ አብረው ይሰናከላሉ።

ሐምሌ 28 ቀን 2014 ዓ.ም ለብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሶፍትዌር የሚያቀርበው አድቫንስድ የተባለ ድርጅት በመረጃ ዘራፊዎች ተጠቃ። 111 የተሰኘው የስልክ የጤና ምክር አገልግሎት ተስተጓጎለ፤ ሠራተኞች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት የሕሙማናቸውን ማኅደር ለሳምንታት መክፈት አልቻሉም። ዘራፊዎቹ የገቡት ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ በማይጠይቅ የደንበኛ አካውንት ነበር። የ79 ሺህ 404 ሰዎች መረጃ ተወስዷል። ከእነዚህ መካከል በቤታቸው እንክብካቤ የሚደረግላቸው 890 ሰዎች ይገኙበታል፤ ወደ መኖሪያቸው እንዴት እንደሚገባ የሚገልጸው መረጃ ሳይቀር ማለት ነው። ድርጅቱ በ2017 ዓ.ም ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጥቷል። ቅጣቱ ግን በእነዚያ ሳምንታት ማኅደሩ ላልተገኘለት ታካሚ ምን ያደርግለታል?

በእኛ ሀገር ደግሞ ዘራፊ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መብራት መጥፋቱ ወይም ኔትወርክ መቋረጡ ይበቃል። ስለዚህ ወረቀት አልባ አገልግሎት የጀመረ ተቋም የመረጃውን ቅጂ በቅርብ መያዝ፣ ባዶ የወረቀት ቅጾችንም ከመሳቢያ አለማጥፋት ይኖርበታል።

የታካሚው ድርሻ ቀላል ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የማይስማማዎትን መድኃኒት፣ ያለብዎትን ሕመምና የደም ዓይነትዎን በአንድ ወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ። ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ባትሪ ያልቃል። ለሐኪም «ያቺ ነጭ ክኒን» ማለት ብዙ አይነግረውም፤ ነጭ ክኒን ስንቱ ነው! መጻፍ ካስቸገረዎት የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። የላቦራቶሪና የራጅ ውጤትዎንም ቅጂ ይጠይቁ።

ሲስተም በሌለበት ቀን ታክመው ከሆነ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ያን ዕለት በወረቀት የተጻፈው ወደ ኮምፒውተሩ መግባቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ። አዲስ የታዘዘ መድኃኒት ወይም የተቀየረ መጠን በቀላሉ የሚዘነጋው በዚህ መሐል ነው።