የስም ዋጋ በቀራንዮ ሰፈር

ኮልፌ ቀራንዮ፣ በሐሰት ምስክር ለሞት የተፈረደበት መድኅን የተሰቀለበትን ኮረብታ በስሙ ተሸክሞ የሚኖር ሰፈር ነውና፣ ስለ ሰው ስም መጥፋት ከዚህ ተነሥቶ መናገር ያለ ቦታው የዋለ አይመስለኝም። እሑድ ረፋድ ላይ በዕድር ድንኳን ሥር ሒሳብ ሲሰማ፣ አንዲት ወይዘሮ ብድግ ብለው «ጋሼ፣ የዕድራችንን ገንዘብ በልተውታል» ቢሉና፣ ገንዘብ ያዡ አንዲት ቃል ሳይመልሱ መዝገባቸውን አጥፈው፣ እስክርቢቶውን ደረት ኪሳቸው ሻጥ አድርገው ቢቀመጡ፣ ያ ቃል ድንኳኑ ሳይፈርስ አየር ጤናና ቤተል ይደርሳል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2044ኛው ዐንቀጹ፣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳለቂያ የሚያደርግ፣ መታመኑንና የወደፊት ኑሮውን የሚጎዳ ሁሉ እንዲጠየቅ ሲደነግግ፣ ለመጉዳት ማሰብን ግዴታ ስላላደረገ፣ «አፌን አዳልጦኝ ነው» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያድንም። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ በ2116ኛው ዐንቀጹ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ወስኖታል፤ ያ ገንዘብ ዛሬ ለፋሲካ በግ ቀብድ ቢሆን ነው።

በብር የረከሰው ስም ግን በእስር ተወድዶ ኖሯል፤ ይህም፣ እንደኔ አስተያየት፣ ለባለሥልጣንና ለባለጠጋ የተመቸ ሚዛን ነበር። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የሪፖርተር ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ አማረ አረጋዊ፣ ጋዜጣው ስለ ዳሸን ቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ውዝግብ ባወጣው ዜና ስም አጠፋ ተብሎ፣ ከአዲስ አበባ ተይዞ እስከ ጎንደር ተወስዶ ታሰረ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ደግሞ ተመስገን ደሳለኝ በፍትሕ ጋዜጣ ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ስም ማጥፋት ከክሶቹ አንዱ ሆኖ፣ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅማ፣ ስሙ የተነሣው ባለሥልጣን ዝም ቢል እንኳ ዐቃቤ ሕግ እንዲከስ ፈቅዶ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶ ወደ ካሣ መልሶታል። የዕድራችን ወይዘሮ ግን ጋዜጣ የላቸውምና (እዚህ ላይ ሕጉ ፈገግ ያሰኛል) ገንዘብ ያዡ አቤት ካሉ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 613ኛ ዐንቀጽ እስከ ስድስት ወር እስራት ይዞ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌ ይገባበታል። ሽማግሌዎቹም፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካልሆነ በቀር፣ እውነቱን ተናግሮ ያስረዳን ሰው ሕጉ ራሱ ነጻ ያወጣዋልና፣ ወይዘሮዋን ድንጋይ ከማሸከማቸው በፊት ወደ ገንዘብ ያዡ ዞር ብለው፣ «ወንድማችን፣ እስቲ መጀመሪያ መዝገቡን ይግለጡት» ይላሉ።